በአውሮፓ ትራንዚት ለምታደርጉ፦ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት በአውሮፓ በኩል አልፋችሁ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ ከሆነ፣ የቲኬቱ ዋጋ ብቻ አያጓጓችሁ። የሸንገን አገሮች (ድንበራቸውን እርስ በርስ ከፍተው በጋራ ቪዛ የሚሠሩ የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ ከኢትዮጵያውያን ቪዛ ይጠይቃሉ። የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ወይም "ኤ" ቪዛ ይባላል፤ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ የሚጠየቀውም አውሮፕላን ከምትቀይሩበት አገር ኤምባሲ ነው። ጊዜው ያላለፈበት የሸንገን፣ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው፣ እንዲሁም ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ይህ አይመለከተውም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን "ኤ" ቪዛ ከኢሚግሬሽን መስኮት እንደማያሳልፍ ባለማወቅ ነው። ከፍራንክፈርት ወደ ሮም፣ ከዚያ ወደ ሌላ አገር የሚያስኬድ ቲኬት ከሆነ፣ ከፍራንክፈርት ሮም ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር ፍራንክፈርት ላይ ሸንገን ገብታችኋል ማለት ነው። ስለዚህ መደበኛው የመግቢያ ቪዛ ("ሲ") ያስፈልጋል። ሁለት በረራ ለየብቻ ተቆርጦ ሻንጣ መሃል ላይ ተረክባችሁ እንደገና የምታስረክቡ ከሆነም እንደዚያው፤ ሻንጣው የሚወጣው ከኢሚግሬሽን ወዲያ ነው።

ስለዚህ በአንድ ቲኬት ቁረጡ፣ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ከተማ እንደሚሄድም አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቪዛ የሌለውን መንገደኛ ያሳፈረ አየር መንገድ ስለሚቀጣና በራሱ ወጪ ስለሚመልሰው፣ የሚያስቀሯችሁ ገና ቦሌ ቼክ ኢን ላይ ነው።