ድራኩላ ግድግዳውን የወረደበት ምሽት፦ ትዕይንቱን ለወዳጆች ጮክ ብሎ ለማንበብ

ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» የተሰኘ ልብ ወለድ ደም በሚፈስባቸው ገጾቹ ይታወቅ እንጂ፣ እኔ ለወዳጆቼ ደጋግሜ ያነበብሁት በሦስተኛው ምዕራፍ ያለውን፣ ጠብታ ደም የማይታይበትን የሜይ 12 ምሽት ነው።

ንባቡን ከዚያው ምሽት መጀመር ግን ትዕይንቱን ማባከን ይሆናል። ከሜይ 8 ማስታወሻ ይነሡ፤ እንግሊዛዊው ነገረ ፈጅ ጆናታን ሃርከር ጢሙን ሲላጭ ከጀርባው የቆመው ካውንት ድራኩላ (ካውንት የመኳንንት ማዕረግ ነው) በመስታወቱ ውስጥ አለመታየቱን፣ የካውንቱ ግንብ በሮች ተቆልፈው ሃርከር ራሱ እስረኛ መሆኑን፣ አልጋ የሚያነጥፈውና ገበታ የሚያቀርበውም ራሱ ካውንቱ እንደ ሆነ የሚረዳው በዚያ ክፍል ነው። ካውንቱ ስለ አባቶቹ ጦርነት የሚያደርገውን ረጅም ንግግር፣ ጊዜ ካጠረዎ፣ ይዝለሉት።

በሜይ 12 ምሽት ሃርከር በጨረቃ ብርሃን ወደ ደቡብ ሲመለከት፣ ከእርሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ካለ መስኮት የካውንቱ ራስ ብቅ ይላል። ፊቱ አይታይም፤ ሃርከር ሰውየውን የሚለየው በአንገቱ፣ በጀርባውና በክንዶቹ እንቅስቃሴ፣ በኋላም አሳምሮ በሚያውቃቸው እጆቹ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ዕረፍት ይስጡ። ቀጥሎ ሃርከር ነገሩ እንዳዝናናው፣ እስረኛን ትንሽ ነገር እንኳ እንደሚያጫውተው ይናገራል፤ ይህን ፈገግ እንዳለ ሰው ያንብቡት። ብዙዎች ከመጀመሪያው ቃል አንሥተው ድምፃቸውን ስለሚያጎረንኑ፣ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ካባው እንደ ትልቅ ክንፍ ተዘርግቶ፣ በፊቱ ተዘቅዝቆ ከገደሉ በላይ ግድግዳውን ሲወርድ የሚመጣው ድንጋጤ ቦታ ያጣል።

እዚህ ላይ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ካውንቱ ማያያዣው በዘመን ብዛት የረገፈውን የድንጋይ ጠርዝ በእጆቹና በእግሮቹ ጣቶች እየጨበጠ ይወርዳል፤ «እንደ እንሽላሊት» የሚለው ንጽጽር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቃልዎ ወደ አማርኛ እየመለሱ የሚያነቡ ከሆነ ቃሉን አስቀድመው አያውጡት። «እንደ እባብ» ብሎ የተረጎመም ሰምቻለሁ፤ እባብ ግን ይሳባል እንጂ ድንጋይ አይጨብጥም፣ የዚህ ትዕይንት ጉዳይ ደግሞ ጣቶቹ ናቸው።

ምሽቱ ካልገፋ የጁን 25ን ማስታወሻ ያክሉበት፤ ሃርከር ጫማውን አውልቆ፣ በቀን ብርሃን፣ በግንቡ ግድግዳ ላይ ወደ ካውንቱ መስኮት ራሱ ይወርዳል። እርሱ ግን በመስኮቱ የሚገባው እንደ ሰው፣ እግሩን አስቀድሞ ነው።