አኒሜ ለሚጀምር ሰው ምን ይሰጠው? በየዘውጉ ምርጫና የአተያይ ቅደም ተከተል

አኒሜ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ፊልም ሞክሮ «የሕጻን ነገር ነው» ብሎ የተወ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያበላሸበት የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አንዱ ጓደኛው ከሺህ ክፍል በላይ ያለውን ዋን ፒስ «እስከ መቶኛው ታገሥ፣ ከዚያ በኋላ ይጣፍጣል» ብሎ ይሰጠዋል፤ ሌላው ከሁለተኛ ሲዝን ያስጀምረዋል። ስለዚህ ለሰው ስትመርጡ፣ ለራሳችሁም ቢሆን፣ «ምርጡ የቱ ነው?» የሚለውን ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ። ሰውየው አሁን ምን ዓይነት ፊልም ነው የሚያየው? በሳምንትስ ስንት ሰዓት አለው?

ሰዓቱን እናስላ። አንድ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው። የመክፈቻና የመዝጊያ ዘፈኖቹ እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳሉ፣ ለታሪኩ የሚቀረው 21 ደቂቃ ነው። የጃፓን ቴሌቪዥን ዓመቱን በአራት ሩብ ከፍሎ አዳዲስ ሥራዎችን በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ይጀምራል፤ አንድ ሩብ 12 ወይም 13 ክፍል ስለሚይዝ አብዛኛው አኒሜ 12፣ 24 ወይም 26 ክፍል ሆኖ ይመጣል። 12 ክፍል አምስት ሰዓት አይሞላም፣ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። 64 ክፍል 25 ሰዓት ተኩል ነው። ናሩቶ ከነተከታዩ 720 ክፍል ነው፤ ሳይተኙ ቢታይ 12 ቀን ይፈጃል። ለጀማሪ ከ12 እስከ 40 ክፍል ያለው፣ ታሪኩም የተጠናቀቀ ሥራ ይሻላል። ያላለቀ ነገር የጀመረ ሰው መጠበቅ አለበት፦ የአታክ ኦን ታይታን የመጀመሪያ ሲዝን የወጣው በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን ሁለተኛው የመጣው በ2017 ነው።

ወንጀልና ምርመራ የሚወድ ሰው

ለዚህ ሰው ዴዝ ኖት ስጡት፤ 37 ክፍል ነው፣ ከ2006 እስከ 2007 የታየ። ላይት ያጋሚ የሚባል ጎበዝ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጥቁር ደብተር ወድቆ ያገኛል። የአንድን ሰው መልክ እያሰበ ስሙን ከጻፈበት፣ የአሟሟቱን ምክንያት ካልጠቀሰ፣ ሰውየው በ40 ሴኮንድ ውስጥ በልብ ድካም ይሞታል። ቀሪው ኤል ከሚባለው መርማሪ ጋር የሚደረግ የብልጠት ፍልሚያ ነው። የደብተሩ ሕግጋት ከመነሻው ስለሚነገሩ ተመልካቹ ራሱ አብሮ ያሰላል፤ አኒሜ አይቶ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር አስሮ የሚያስቀምጠው ይኸው ነው። ድክመቱንም አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ከ25ኛው ክፍል በኋላ ታሪኩ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ብዙዎችም ሁለተኛውን አጋማሽ እንደ መጀመሪያው አይወዱትም። ቢሆንም መጨረሻው እንዳያመልጠው።

እሱን ጨርሶ «ሌላ አምጣ» ካለ ሞንስተር ይከተላል። ቴንማ የተባለ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ጀርመን አገር ዱሰልዶርፍ ውስጥ ይሠራል። ጭንቅላቱን በጥይት የተመታ ልጅ መጥቶ ሳለ አለቆቹ «እሱን ተወውና ከንቲባውን አክም» ይሉታል፤ እምቢ ብሎ ቀድሞ የመጣውን ልጅ ያድናል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ከፊቱ ይቆማል። ምትሃት የለም፣ የሚበር ሰው የለም፤ እንደ ጥሩ የወንጀል ልብ ወለድ ነው የሚሄደው። ግን 74 ክፍል ነው፣ ቀስ ይላል፣ ቴንማ ጭራሹን የማይታይባቸው ክፍሎችም አሉት። «ይሄ ከታሪኩ ጋር አይገናኝም» ብሎ እነሱን የዘለለ ሰው በኋላ ተመልሰው የሚመጡትን ሰዎች አያውቃቸውም። በቀን ሁለት ክፍል ይበቃል፤ በአንድ ቁጭታ አሥር ካዩት ይሰለቻል።

አክሽን፦ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ነው የሚያሳስተው

በዘውጉ አንድ ብቻ ምረጡ ከተባለ ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ ነው። የሞተች እናታቸውን ለማስነሳት የሞከሩና በዚያ ሳቢያ አንዱ እጅና እግሩን፣ ሌላው መላ አካሉን ያጡ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ስም ሁለት ሥራ አለ። በ2003 የወጣው 51 ክፍል ሲሆን መነሻው የሆነው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ) ሳያልቅ ስለተሠራ የራሱን መጨረሻ ፈጥሯል። በ2009 የጀመረው ብራዘርሁድ ደግሞ 64 ክፍል ነው፣ ማንጋውንም እስከ መጨረሻው ይከተላል። ሁለተኛውን ስጡ። መጀመሪያው ላይ ጥድፊያ አለው፣ የቀደመው ሥራ የተረከውን ቶሎ ቶሎ ያልፈዋል፤ ከ10ኛው ክፍል በፊት አይፈረድበትም። ከባድ ትዕይንት መሐል የሰዎቹ ፊት ድንገት ክብ ሆኖ እንደ ልጅ ሥዕል መቀየሩም አዲስ ተመልካች ያስደነግጣል፤ ይለመዳል።

ዲመን ስሌየር ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሲዝን 26 ክፍል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ሲዝን ሳይሆን ሙገን ትሬን የተባለው የ2020 ፊልም ነው። ያው ታሪክ በሰባት ክፍል ተቆርጦ ለቴሌቪዥንም ስለቀረበ ፊልሙን ወይም ሰባቱን ክፍሎች ማየት ነው፣ ሁለቱንም አይደለም። ፊልም ስለሆነ ከዝርዝሩ ውስጥ የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ ሳያዩት ያለፉ ሰዎች ቀጣዩ ሲዝን ሲከፈት ሁሉም ለምን እንዳዘነ ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ 11 ክፍል፣ እንደገና 11 ክፍል፣ በመጨረሻ 8 ክፍል፤ ታሪኩ በ2025 በወጣው ፊልም ይቀጥላል።

አታክ ኦን ታይታን ደግሞ 25፣ 12፣ 22፣ 16 እና 12 ክፍል እያለ ይሄድና በ2023 በወጡ ሁለት ረጃጅም ልዩ ዝግጅቶች ይዘጋል። «የመጨረሻ ሲዝን» የሚለው ስም በሦስት ተከፋፍሎ ስለተለጠፈ ብዙ ሰው ሁለቱን ልዩ ዝግጅቶች ሳያይ የጨረሰ ይመስለዋል። ደሙ ብዙ ነው፣ ለሆደ ቡቡ ሰው አይሆንም።

ቪንላንድ ሳጋን ለታሪክ ወዳድ ስጡት። ቫይኪንጎች፣ 24 እና 24 ክፍል። የመጀመሪያው ሲዝን ጦርነት ነው፤ ሁለተኛው ባሪያ ሆነው እርሻ የሚመነጥሩ ሰዎች ታሪክ ነው፣ ሰይፍ እምብዛም አይመዘዝበትም። «ምን ነካው?» ብሎ የሚያቋርጠው ብዙ ነው፤ እንደ እኛ ግን ሁለተኛው ይበልጣል።

ፊለር የሚባለው

ድሮ ረጃጅም አኒሜዎች ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ይቀርቡ ነበር። አንድ የአኒሜ ክፍል ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የማንጋ ምዕራፍ ይበላል፣ ማንጋው ደግሞ የሚወጣው በሳምንት አንድ ምዕራፍ ነው። አኒሜው ይደርስበታል ማለት ነው። ያኔ ስቱዲዮው ማንጋው ውስጥ የሌለ ታሪክ እየፈጠረ ጊዜ ይገዛል፤ ፊለር የሚሉት ይህንን ነው። መዝለሉ ምንም አያጎድልም። ናሩቶን እስከ 135ኛው ክፍል እዩ፤ ከ136 እስከ 219 ያለው ከሞላ ጎደል ፊለር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ተከታዩ ሥራ ወደ ሺፑደን ተሻገሩ። ሺፑደንም ከ500 ክፍሎቹ መካከል ብዙ ፊለር አለውና የፊለር ዝርዝር አጠገባችሁ አስቀምጡ። ረጅም እየፈለጉ ፊለር የሰለቻቸው ሰዎች በ2011 የጀመረውን ሀንተር ሀንተር ይያዙ፤ 148 ክፍል ነው፣ ፊለር የለበትም ማለት ይቻላል።

ቃና ላይ የቱርክ ድራማ የለመደ ሰው

የቤተሰብ ምሥጢር፣ ፍቅር፣ ለዓመታት የታፈነ ቂም፦ ይህን የሚወድ ሰው ወደ ፍሩትስ ባስኬት ይሂድ። 63 ክፍል ነው። ቶሩ የምትባል ወላጅ አልባ ተማሪ በተቃራኒ ፆታ ሲታቀፉ ወደ እንስሳ የሚለወጡ ቤተሰቦች ቤት ትገባለች። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፣ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎችም ቀልድ ናቸው፤ እየቆየ እርግማኑ ምን እንዳደረጋቸው ሲገለጥ ሶፍት ያስፈልጋል። እዚህም በ2001 የወጣ 26 ክፍል ያለው አሮጌ ሥራ አለ፣ ታሪኩን አይጨርስም፤ በ2019 የጀመረውን ፈልጉ። አጭር ከተፈለገ ዩር ላይ ኢን ኤፕሪል 22 ክፍል ነው፦ እናቱ ከሞተች በኋላ የራሱን ፒያኖ ድምፅ መስማት ያቃተው ልጅ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን አትስጡት።

ኳስ

ዲሽ ላይ ስፔስቱን በተባለው የልጆች ጣቢያ የዓረብኛውን «ካፒቴን ማጂድ» እያየ ያደገ ሰው ሳያውቀው አኒሜ ተመልካች ነበር፤ በ1983 የጀመረው ካፒቴን ፁባሳ ነው። ዛሬ ከዚያ የሚቀጥለው ብሉ ሎክ ነው፣ የመጀመሪያው ሲዝን 24 ክፍል። ለጃፓን አንድ አጥቂ ለማግኘት 300 ወጣት አጥቂዎች አንድ ሕንጻ ውስጥ ተዘግተው ይፋለማሉ። የታክቲክ ትምህርት አትጠብቁበት፣ ማጋነን ነው ሥራው።

ከስፖርት አኒሜ በጥራት የምናስቀድመው ግን ሃይክዩን ነው፣ መረብ ኳስ ቢሆንም። ቁመቱ አጭር፣ ዝላዩ ረጅም የሆነው ሂናታ ከኳስ አቀባዩ ካጌያማ ጋር እየተናከሰ ይጫወታል። 25፣ 25፣ 10 እና 25 ክፍል ነው፤ የሦስተኛው ሲዝን አሥሩም ክፍሎች አንድ ጨዋታ ብቻ ናቸው፣ አይሰለችም። የቅርጫት ኳሱ ስላም ደንክ 101 ክፍል ሄዶ ዋናው አገር አቀፍ ውድድር ሳይደርስ ይቆማል፤ የጎደለውን ትልቁን ጨዋታ የሚያሳየው የ2022ቱ ፊልም ነው።

ሳይንስ ልብ ወለድና ጸጥ ያለው

ስታይንስ ጌት 24 ክፍል ነው። ማይክሮዌቭ ከስልክ ጋር አገናኝተው የጽሑፍ መልእክት ወደ ኋላ ዘመን መላክ የቻሉ ወጣቶች ታሪክ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ወሬ ይበዛዋል፣ ከ12ኛው ክፍል በኋላ ግን መቆም አይቻልም። ለጀማሪ ስትሰጡ «እስከ 12 ካላየህ አላየኸውም» በሉት። ካውቦይ ቢቦፕ ተቃራኒው ነው፦ 26 ክፍል፣ አብዛኛው ለየብቻው የሚቆም፣ ጃዝ የሚያጅበው። ዋናው ክር ያለው 5፣ 12፣ 13፣ 25 እና 26ኛው ላይ ነው፤ ጊዜ የሌለው ሰው ከእነዚህ ሌላ ያሻውን እየመረጠ ማየት ይችላል። ኢቫንጌሊዮን ለመጀመሪያ አይሆንም፤ የሮቦት አኒሜ ልማድን ለሚያውቅ ሰው ነው የሚጣፍጠው። ከታየም 26ቱ ክፍሎች ካለቁ በኋላ የ1997ቱ ፊልም «ዘ ኤንድ ኦፍ ኢቫንጌሊዮን» ይታከልበት።

ከሥራ ደክሞት ለሚገባ ሰው ሙሺሺ፦ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ተረት ነው፣ ከመተኛት በፊት አንድ። ፍሪረን ደግሞ ጦርነቱ አልቆ፣ የቡድኑ ጀግና አርጅቶ ሲሞት፣ ዕድሜዋ እጅግ የረዘመው ጠንቋይ ከኋላው ስትቀር ይጀምራል። ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች በአንድ ምሽት ተያይዘው ነው የቀረቡት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ አንዱን ብቻ አይቶ የተወ ሰው መንገዱ ሳይጀመር ወርዷል።

ከመክፈታችሁ በፊት

ሥዕል ስለሆነ ለልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። ሳሎን ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ከመክፈታችሁ በፊት የዕድሜ ገደቡን እዩ፤ አክሽን ያልነው ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ለታዳጊና ለአዋቂ ናቸው። ለትንንሽ ልጆች በ1988 የወጣው ቶቶሮ ፊልም ይበቃል፣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከፍ ላሉት ስፓይ ፋሚሊ ጥሩ ነው።

የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ማንበብ የሚያዘገየው ሰው ንግግር በሚበዛባቸው በዴዝ ኖትና በስታይንስ ጌት ይቸገራል፤ ለእሱ በእንግሊዝኛ የተቀዳው ድምፅ ይሻላል፣ የካውቦይ ቢቦፕ እንግሊዝኛ ቅጂ እንዲያውም በብዙዎች የተወደደ ነው። ዓረብ አገር ያላችሁ የዓረብኛ ሰብታይትል መኖሩን እዩ። በዳታ የሚያይ ሰው ጥራቱን 480 ላይ ያድርግ፤ አንድ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ይወስዳል፣ 1080 ላይ ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ዋይፋይ ባለበት አውርዶ መያዝ ነው።

አንዳንዱን ደግሞ የት እንደሚያቆሙት ማወቅ ያስፈልጋል። ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ የመጀመሪያ ሲዝኑ 12 ክፍል ነው፣ ትንፋሽ ከሚያሳጥሩ አኒሜዎች ምርጥ ከሚባሉት አንዱ። ሁለተኛው ሲዝን የማንጋውን ትልልቅ ክፍሎች ዘልሎ በ11 ክፍል ይጨርሰዋል። 12ኛው ላይ አቁሙና ቀሪውን ከማንጋው አንብቡ።