የትንፋሽ አልኮል ምርመራን የሚያዛቡ ስህተቶች

ማታ ከድሬ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ለሚወጣ ሹፌር ይሄ ጉዳይ የሕይወት ነው። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ገደሉም ያው ታውቁታላችሁ።

ትልቁ ስህተት ጥድፊያ ነው። የሚነፋበት መሣሪያ ሊለካ የሚፈልገው ከሳንባ ጥልቅ የሚወጣውን አየር ነው፤ ደም ውስጥ ያለው አልኮል ወደዚያ አየር ያልፋልና። ግን አሁን የተጎነጨ ሰው አፉ ውስጥ ገና አልኮል አለ። ወዲያው ካስነፉት ቁጥሩ ያለ ልክ ይሰቀላል። ለዚህ ነው ቢያንስ 15 ደቂቃ ምንም ሳይቀምሱ መጠበቅ የሚያስፈልገው። በመሃል ካገሳችሁ ወይም ካስመለሳችሁ ለመርማሪው ንገሩት፣ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመር።

ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ሎሚ... አቦ ተዉት! ሽታ ይሸፍኑ ይሆናል እንጂ አልኮሉን አይቀንሱም። የአፍ መጉመጥመጫ ደግሞ አንዳንዱ ራሱ አልኮል ስላለበት ጭራሽ ያባብሳል።

የእኛ አገር ልዩ ስህተት ጨብሲ ላይ ነው። ሰው ከሰዓት ሲቅም ይውላል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ይደርባል፣ ከዚያ «ነቅቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ መሪ ይጨብጣል። ጫት ንቁ የሆንክ ያስመስልሃል እንጂ ጉበትህን አያፈጥነውም። ቡናም እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ደም ውስጥ ያለው አልኮል ጣሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ከመጠጥ ቤቱ በር ላይ ተነፍቶ ዝቅ ያለ ቁጥር ዳገቱ መሃል ስትደርስ ከፍ ብሎ ሊጠብቅህ ይችላል።

አነፋፈስም ለውጥ ያመጣል። ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ መንፋት ቁጥሩን ያወርዳል፣ ትንፋሽ አምቆ መያዝ ከፍ ያደርገዋል። በደንብ ስቦ ሳያቋርጡ ረዘም አድርጎ መንፋት ነው ትክክሉ። ትኩሳት ያለበት ሰውም ንባቡ ከፍ ሊል ይችላል።

መሣሪያውንም አትርሱት። በድሬ ፀሐይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ የተተወ መሣሪያ ከተሠራበት የሙቀት ልክ በላይ ይግላል። በየጊዜው ልኬቱ ካልተስተካከለ ደግሞ ቀስ በቀስ ይስታል። ለግል የሚገዙት ርካሾቹ ላይ ተማምኖ «ዝቅ ብሏል፣ እነዳለሁ» ማለት አደገኛ ነው፤ አንዳንዶቹ አልኮልን ከሌላ ጋዝ በቅጡ አይለዩም። ውጤቱን የተጠራጠረ ሰው ጠብቆ ድጋሚ ይነፋ፣ የሚቻል ከሆነም የደም ምርመራ ይጠይቅ።