ስለ ግብር እና ስለ ፖለቲካ ሳንጣላ እንዴት እንከራከር?

ሐምሌ ሲገባ ጅማ ላይ ወሬው ሁሉ ግብር ነው። መርካቶ ሱቅ በር ላይ፣ ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከሰዓት በርጫ ላይ፣ የዕድር ስብሰባ ሳይጀመር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 አልቆ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ክረምቱ የሒሳብ ወቅት ነው። ጨዋታው "ዘንድሮ ስንት ጣሉብህ?" ተብሎ ይጀመራል። ብዙም ሳይቆይ የዘይቱ ዋጋ፣ መንገዱ፣ ጦርነቱ፣ ብሔሩ ሁሉ ይገባበታል። መጨረሻ ላይ አንዱ ተቆጥቶ ይነሳል። ግብሩ ግን እዛው እንደነበረ ነው።

ይህ ክርክር ይቅር አልልም። እንዲያውም ይብዛ። የሚከፍለው ሰው ስለ ገንዘቡ ካልተናገረ ማን ይናገርለታል? ብቻ በደንብ እንከራከር። አብዛኛውን ጊዜ የምንጣላው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ስለምናነሳ ነው፦ ስንት ነው? ተገቢ ነው? ምን ላይ ዋለ? የመጀመሪያውን ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይመልሰዋል። ሁለተኛው ምክንያት ይፈልጋል። ሦስተኛው የበጀት ሰነድና በዓይን የሚታይ ሥራ ይፈልጋል። እነዚህን ለይቶ መያዝ የሚቻለው እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው ግብር እንደሆነ ጠይቁ

ሰው "ግብር ገደለኝ" ሲል የሱቁን የንግድ ገቢ ግብር ሊሆን ይችላል። ቫት ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ ገቢ ግብር፣ የቤትና የቦታ ግብር፣ ከደሞዝ የሚቆረጠው፣ ወይም በየሰፈሩ የሚሰበሰበው መዋጮም ሊሆን ይችላል። አንዱ ስለ ሱቁ ሲያወራ ሌላው ስለ ደሞዙ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ይዘው ሲጯጯሁ ይመሻሉ።

ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ። ታላቅ ከሆነ በአክብሮት፦ "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የሚሉት የሱቁን ነው የቤቱን?" ይህቺ ጥያቄ ብቻ ግማሹን ጭቅጭቅ ታበርዳለች።

መዋጮን ለብቻው አውጡት። ግብር በሕግ ይጣላል፣ ሕጋዊ ደረሰኝም አለው። መዋጮ በፈቃድ የሚሰጥ ነው። ሰው ሳይፈልግ እንዲያዋጣ ከተደረገ ቅሬታው ከባድ ቅሬታ ነው፣ ራሱን ችሎ መነሳት አለበት። ከሱቅ ግብር ጋር ከተደባለቀ ግን የሚሰማው አያገኝም። የጡረታውንም ለብቻው አውጡት። ከሠራተኛው ደሞዝ ላይ የሚቆረጠው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ እንጂ ግብር አይደለም። አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል።

2. ገንዘቡን ማን እንደሚሰበስበው እወቁ

"ብራችን ሁሉ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው" የሚል አለ። "ክልሉ ነው የበላው" የሚልም አለ። ለሁለቱም መልሱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 96 እስከ 98 ተጽፏል። ሦስት አንቀጽ ነው፣ አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ ይነበባል።

ወደ ጅማ እናምጣው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህር የፌዴራል ሠራተኛ ስለሆነ ከደሞዙ የሚቆረጠው ግብር የፌዴራሉ ነው። መርካቶ ውስጥ በግሉ የሚነግድ ሰው የሚከፍለው የኦሮሚያ ክልል ነው። የዚሁ ነጋዴ ተቀጣሪ የደሞዝ ግብርም የክልሉ ነው። የማና ወይም የጎማ ወረዳ ቡና ገበሬ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብርም እንደዚሁ። ቡና የሚልክ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ከሆነ ደግሞ የትርፍ ግብሩ የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ የፌዴራል ነው።

በዚያ ላይ ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል። ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቀመሩ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ጥሩ ክርክርም ይወጣዋል። "ሁሉም ሄደ" ማለት ግን ክርክሩን ይገድለዋል። ቅሬታው ወዴት እንደሚቀርብም ይጠፋል፤ የክልሉን ጉዳይ የፌዴራል ቢሮ በር ላይ ይዞ መቆም ድካም ነው።

3. ቁጥሩን ወረቀት ላይ አውርዱት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አብዛኛው ጠብ የሚያልቀው እዚህ ነው።

በደሞዝ እንጀምር። "እድገት አግኝቼ ታክሱ ጭማሪውን በላው" የሚል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። የገቢ ግብር አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። በዚህ መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለውም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ መጣኔ የሚነካው በእርከኑ ውስጥ ያለውን ብር ብቻ ነው።

10,000 ብር የሚያገኝ ሰው እንውሰድ። የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 300 ብር። ቀጣዩ 3,000 ላይ 600። የመጨረሻው 3,000 ላይ 750። ድምሩ 1,650 ብር። ይህ ሰው 100 ብር ቢጨመርለት 30 በመቶ እርከን ውስጥ ይገባል። ግን 30 በመቶው የሚወሰደው ከ100 ብሩ ላይ ነው። 30 ብር ይከፍላል፣ 70 ብር ከግብር ይተርፈዋል። ጭማሪው አልተበላም። ይህን በእስኪርቢቶ ስታሳዩት የማይቀበል ሰው ብዙም አይገኝም።

"ግብር ቀነሰ" እና "ኑሮ አልቀለለም" የሚለውም ክርክር እንዲሁ በወረቀት ይፈታል። በአዋጅ 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። በዚያ ስሌት 10,000 ብር ደሞዝ 2,045 ብር ይቆረጥበት ነበር። ከማሻሻያው በኋላ 1,650። የ395 ብር ልዩነት አለ። ስለዚህ ቀነሰ የሚለው ልክ ነው። ግን በነዚያ ዓመታት የጤፉና የዘይቱ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ኑሮዬ አልቀለለም የሚለውም ልክ ነው። አንዱ ስለ ግብር፣ አንዱ ስለ ዋጋ ነው የሚያወራው። የሚያጣላ ነገር የለም።

አሁን ወደ ነጋዴው። ከሁሉም በላይ ደም የሚያፈላው "የቀን ገቢ ግምት" ነው፤ ገማቾች መጥተው ሱቁ በቀን ስንት እንደሚሸጥ የሚገምቱት ማለት ነው። ሻይ ቡና የምትሸጥ ሴት እንውሰድ። በቀን 1,500 ብር ትሸጣለች እንበል። ገማቾቹ መጥተው "የቀን ገቢሽ 1,500 ነው" ብለው ይጽፋሉ። እሷ ትደነግጣለች። "ከየት አምጥቼ? በቀን 300 ብር ቢተርፈኝ ነው!" ስኳሩ አለ፣ ከሰሉ አለ፣ ወተቱ አለ፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ የምታግዛት ልጅ ደሞዝ አለ። በዓመት 300 ቀን ብትሠራ ሽያጯ 450,000 ብር፣ ትርፏ 90,000 ብር ነው። ገማቹ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ቁጥር ነው፣ እሷ ስለ ሁለተኛው። ሁለቱም አልዋሹም።

እዚህ ጋ ስትደርሱ ሁለት ነገር ለዩ። በቀን 1,500 መሸጧ ራሱ ትክክል ነው ወይ? ይህ በማስረጃ የሚታይ ነው። የተገዛ ስኳርና ቡና ደረሰኝ፣ የዕለት መመዝገቢያ ደብተር፣ ገበያ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት። የጾም ወቅትም አለ፣ የተማሪ እረፍትም አለ። ገማቾቹ የመጡት ገበያ በሞቀበት ቀን ከሆነ ግምቱ ይንራል። ሁለተኛው የሕጉ ጉዳይ ነው። በአዲሱ የፌዴራል ማሻሻያ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ያልደረሰ ግለሰብ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው። እንግዲህ በኩንታል ስኳር የሚያከፋፍልና ትንሽ ትርፍ የሚያገኝ ሰው፣ ብዙ ትርፍ ካለው ሌላ ነጋዴ ጋር ሽያጩ እኩል ከሆነ እኩል ሊከፍል ነው። ይህ ተገቢ ነው? እኔ ለቀጭን ትርፍ ነጋዴ ይከብዳል ባይ ነኝ። ቀላል ነው፣ ሒሳብ መዝገብ መያዝ የማይችለውን ሰው ያግዛል የሚልም ደህና ምክንያት አለው። ልንከራከርበት የሚገባው ይሄ ነው።

ቫትን በአጭሩ፦ 15 በመቶ ነው፣ የሚከፍለውም ገዢው ነው። ነጋዴው ሰብስቦ ያስገባል፣ ራሱ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ይቀንሳል። ቫት ያለበት ዋጋ 1,150 ብር ከሆነ ቫቱ 150 ብር ነው፣ 172.50 አይደለም። ቡና ላኪ ሲልክ ቫት የማይጨምረው ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በሕጉ ዜሮ መጣኔ ስላለው ነው። ማንም ለላኪው ያደረገለት ልዩ ውለታ የለም።

4. ከዚያ በኋላ ፖለቲካውን አምጡት

"ስለ ግብር እናውራ፣ ፖለቲካ ግን አይነሳ" የሚሉ አሉ። አልስማማም። ግብር ራሱ ፖለቲካ ነው። ይህን ከጅማ በላይ የሚያውቅ ከተማ የለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ለምኒልክ ዓመታዊ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆዩ። ጅማ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ በዚያ መልክ ኖረች። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመጸ። በ2009 ሐምሌ የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን ዘጋ። እነዚህን ማንሳት ክርክሩን ያበለጽጋል።

ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ። የትኛው ግብር፣ የማን፣ ስንት የሚለው ካለቀ በኋላ "ተገቢ ነው ወይ" እና "ምን ላይ ዋለ" ይምጣ። መንገዱ ካልተሠራ መንገዱን በስሙ ጥሩት። የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ዓመት በጀት ተያዘለት፣ የከተማው ነው የፌዴራል? "ምንም አልሠሩም" ለሚለው ሰው "ይኸው ሠሩ" የሚል አይጠፋም፣ ክርክሩም እዚያው ይሽከረከራል። በስሙ የተጠራ ጎርፍ መውረጃ ግን ሄዶ ማየት ይቻላል።

አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው የመንግሥት ተጠሪ ወይም የብሔሩ ተወካይ አድርጋችሁ አትናገሩት። አዋጁን እሱ አላወጣውም። የገቢዎች ሠራተኛ የሆነ ጎረቤት ካለም "እናንተ ሌቦች" ብሎ መጀመር የሚያውቀውን እንዳይነግራችሁ አፉን መዝጋት ነው። ጉቦ የጠየቀ ሰው ካለ ማስረጃ ይዛችሁ ለሚመለከተው አካል አቅርቡ፣ በወሬ አታጣፍጡት። በሰው ፊትም "አንተ በወር ስንት ታገኛለህ?" አትበሉ። ምሳሌ ካስፈለገ እንደ ሻይ ሻጯ "እንበል" ብላችሁ ቁጥር ፍጠሩ።

ድምፅ ከፍ ካለ ዝም በሉና ታላቁ ሰው ይናገሩ። ነገ ለቅሶ ላይ አንድ ድንኳን ሥር የምንቀመጥ ሰዎች ነን።

5. የቀረውን ቅሬታ ወደ ወረቀት ለውጡት

ክርክሩ ካለቀ በኋላ "ግምቱ በእውነት በዝቶብኛል" የሚል ሰው ይቀራል። ለእሱ ቸኩሉለት፣ ምክንያቱም ቀን ይቆጠራል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። በቅሬታው ውሳኔ ያልተስማማ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ሲል፣ ካከራከረው ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠበቅበታል። ክልሉ የራሱ ሕግ ስላለው ግለሰብ ነጋዴ የሚመለከተውን ቀን ማስታወቂያው በደረሰው ዕለት ቢሮው ሄዶ ይጠይቅ። ማስታወቂያው የሚመጣው በአፋን ኦሮሞ ነው። በደንብ የማያነብ ሰው በግምት ከሚረዳው ለሚያምነው ጎረቤት ያስነብበው። አንዲት ቃል ብትሳሳት ቀኑ ያልፋል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የተገመተው ስንት ነው፣ ትክክለኛው ስንት ነው፣ ማስረጃው ምንድን ነው። ስለ መንግሥት ያላችሁን አስተያየት እዚህ ውስጥ አትጻፉ፣ ቁጥሩን ይሸፍነዋል። እሱን ለከተማው ምክር ቤት አባል ወይም በጀት ሲወያዩ ለሚጠሩት የሕዝብ መድረክ አስቀምጡት። እዚያ ደግሞ ሳትፈሩ ተናገሩ። ተመሳሳይ ግምት የተጣለባቸው ጎረቤት ሱቆች ካሉ እያንዳንዱ የራሱን ማመልከቻ ያስገባ፣ ከተቻለ በአንድ ቀን።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። የተቀበለው ሠራተኛ የእናንተ ቅጂ ላይ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። ያንን ቅጂ ከደረሰኞቻችሁና ከዕለት ደብተራችሁ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት።