በቢሮ ጣሪያ ፀሐይ መኪና ቻርጅ ለማድረግ ካሰባችሁ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የማይቆምበት የቢሮ ግቢ እያነሰ ነው። ብዙው ሰው ታዲያ ማታ ቤቱ ነው የሚሰካው። መብራት ከጠፋ ጠዋት ጭንቅ ነው። መኪናው ግን ፀሐይ ባለበት ሰዓት ሁሉ ቢሮ ቆሞ ስለሚውል፣ ሶላር የሚመቸው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ። መካከለኛ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 7 ይበቃል። ባለ 550 ዋት ፓነል ደህና ፀሐይ ባለበት ቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፣ ስለዚህ ለአንድ መኪና 4 ፓነል ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትመኩበት።

ፈጣን ቻርጀር ይቅርባችሁ። በ10 አምፒር የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 2.2 ኪሎዋት ነው የሚስበው፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት ከተሰካ የ70 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሞላል፣ ፓነሉ ያነሰውን የመብራት ኃይል መስመሩ ይጨምርለታል። ብቻ በዲቫይደር አትሰኩት፣ ይቀልጣል። የራሱ ገመድና ብሬከር ይኑረው፤ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ከሌለ ደግሞ ብዙ ቻርጀሮች ጭራሽ አይሠሩም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ኢንቨርተር ላይ ነው፤ የፓነሉን ኃይል ሶኬት ላይ ወደምናገኘው ዓይነት የሚቀይረው ዕቃ ነው። ባትሪ የሌለውና ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራው ዓይነት፣ ፀሐዩ አናት እየበሳም ቢሆን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሆን ተብሎ ነው፤ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ከመስመሩም ከባትሪም ጋር የሚሠራውን) እና ሊቲየም ባትሪ ግዙ። ባትሪው ግን ለኮምፒውተርና ለኢንተርኔት እንጂ ለመኪና አይደለም፤ 5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 60 ለሚይዝ መኪና ምኑም አይደል።

ጣሪያው ላይ ራሳችሁ ውጡና እዩ፣ በተለይ ረፋድና ከሰዓት። የሮቶው ጥላ አንድ ፓነል ላይ ካረፈ በተከታታይ የተያያዙትን ሁሉ ኃይል ወደ ታች ሊጎትት ይችላል። ፓነሉን ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ወደ ደቡብ አዙሩት፣ አቧራውን ዝናብ ያጥበዋል።

ያዋጣል ወይ? ለመኪናው ብቻ ከሆነ ባይሆን ይሻላል፣ የመስመሩ መብራት ገና ርካሽ ነው፣ አብዛኛውም ከውኃ የሚመነጭ ነው። ጄኔሬተር እያስነሳችሁ ናፍጣ የምታቃጥሉ ከሆነ ግን ሶላሩ ወጪውን የሚመልሰው ከናፍጣው ነው፣ መኪናው ምርቃት ነው።