ውሻ ሲነክስ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ አንጎል ሳይደርስ እንዴት መቅደም ይቻላል

ድሬ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰውም ውሻም መንገድ ላይ ይወጣል። ከዚራ ሂዱ ሳቢያን፣ ባለቤት የሌለው ውሻ አይጠፋም። ሐረር ላይ ደግሞ ጅቡ አለ። ንክሻ ከደረሰ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ እጠቡ። ወዲያው፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ፤ በግምት ከሆነ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይበቃል ይላል። ቧንቧው ከሄደ አንዱ በጀሪካን ያፍስስ፣ ሌላው ይጠብ። የድሬ ውሃ ሳሙና ቶሎ አያስነሳም፤ ደጋግማችሁ ቀቡ። ጥርስ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ወደ ውስጥ ይጠልቃል፤ ውሃው እዚያ ድረስ ይግባ። ልጅ ከሆነ ያለቅሳል። አባብሉት እንጂ አታቁሙ። የቫይረሱ ሽፋን ቅባት ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል። ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ጋዝ ቁስል ላይ አይደረግም!

«ሰውነቴ ራሱ ይዋጋዋል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለጉንፋን ልክ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ግን የሚጓዘው በደም ሳይሆን በነርቭ ውስጥ ነው። እዚያ ነጭ የደም ሴሎች አያገኙትም። ነርቩን እምብዛም ስለማይጎዳ ሰውነት አይነቃበትም። ትኩሳት የለም፣ ቁስሉም ይድናል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። አንጎል ከገባ በኋላ ደግሞ በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር እንደተዘጋ ስለሚቀር ተዋጊዎቹ ሴሎች በበቂ ገብተው ሊያጸዱት አይችሉም። ምልክቱ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አቦ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት!

ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን ክትባት ጀምሩ። ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይኖረው ይችላል፤ ወደ ሆስፒታል የሄደ አይጸጸትም። ክትባቱ ሰውነት አንቲቦዲ፣ ማለትም ቫይረሱን የሚዋጋ መከላከያ፣ እንዲሠራ ያደርጋል፣ ግን ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ቁስሉ ከደማ ኢሚውኖግሎቡሊን ጠይቁ። ይህ ተሠርቶ ያለቀ አንቲቦዲ ነው፤ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል፣ የራሳችሁ እስኪደርስ ቦታውን ይይዛል። ፊትና ራስ ላይ የተነከሰ ሰው ይቅደም፤ ወደ አንጎል መንገዱ አጭር ነው። እርጉዝም የምታጠባም እናት ትወስዳለች።

ሦስተኛ፣ ቀሪዎቹን መርፌዎች አታቋርጡ። የተለመደው አሰጣጥ ከመጀመሪያው በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ ከዚያም ከ14ኛው እስከ 28ኛው ባለው ቀን ነው። ጸበሉም ዱአውም ይደረግ፣ መርፌው ግን አይቅር።

ውሻው የታወቀ ከሆነ አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። የጠፋ ውሻ ወይም ጅብ ከሆነ ግን በሽታው እንዳለበት ቆጥራችሁ እስከ መጨረሻው ተከተቡ።