የተባዙ ጂኖች በፕሮቲን መረብ ላይ የሚተዉትን አሻራ እንዴት መለየት ይቻላል

አንድ ጂን ሲባዛ አዲሱ ቅጂ ባዶ እጁን አይመጣም። ሁለቱ ቅጂዎች መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ስለሚሠሩ፣ ነባሩ ፕሮቲን ከሌሎች ጋር የነበረውን ትስስር ሁሉ ሁለቱም ይወርሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚከተለው የመረቡ፣ ማለትም በህዋስ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ሥርዓት፣ ታሪክ ከዚህ ውርስ ምን ጠፋ፣ ምን ቆየ፣ ምንስ ተጨመረ የሚል ነው። ይህን ታሪክ ከመረጃ ላይ ለማንበብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የሚወስደው ከዳቦ እርሾ ነው፤ ጂኖሙም (ሙሉ የዲኤንኤ ስብስቡ) ሆነ የፕሮቲን መረቡ ከማንኛውም ባለ ኒውክሊየስ ህዋስ ባልተናነሰ ጥልቀት ተጠንቷልና።

ሥራው የሚጀምረው የተባዙትን ጂኖች በመለየት ነው። የዝርያውን ፕሮቲኖች በሙሉ ብላስትን በመሰለ ቅደም ተከተል አነጻጻሪ የኮምፒውተር መሣሪያ እርስ በርስ አነጻጽሩ፤ ነገር ግን የተመሳሰለው ክፍል የሁለቱንም ፕሮቲኖች አብዛኛውን ርዝመት የማይሸፍን ከሆነ ጥንዱን አትቀበሉ። አንድ የጋራ ክፍል ብቻ ያላቸው ፕሮቲኖች የጠቅላላ ጂን ብዜት ውጤት ላይሆኑ ይችላሉ። ለቀሩት የጂን ቤተሰቦች የዘር ሐረግ ዛፍ ሥሩ።

ቀጥሎ ጥንዶቹን በአመጣጣቸው ለሁለት ክፈሉ፦ በአንድ ጊዜ ከተከሰተ የሙሉ ጂኖም መባዛት የመጡና በተናጠል የተባዙ። ብዙዎች በችኮላ የሚያልፉት ይህን ደረጃ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የኋላው ትንተና ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። መለያው የጂኖች ቅደም ተከተል ነው። ሁለት የክሮሞሶም ክፍሎች ተመሳሳይ ጂኖችን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ከያዙ፣ እነዚህን ክፍሎች ደግሞ ያልተባዛ ጂኖም ያለው የቅርብ ዘመድ ዝርያ በአንድ ክፍል ብቻ አጣምሮ ከያዘ፣ ምንጩ የሙሉ ጂኖም መባዛት ነው። በእርሾ ላይ ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1997 ቀርቦ፣ በ2004 ክሉይቬሮማይሲስ ዋልቲ ከተባለው ዘመዱ ጋር በተደረገ ንጽጽር ጸንቷል። ክስተቱ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተፈጸመ ሲሆን፣ ከተባዙት ጂኖች እስከ ዛሬ በጥንድ የቆዩት 550 ያህሉ ብቻ ናቸው። እነዚህ ጥንዶች የመባዛትን ሚና እ.ኤ.አ. በ1970 በስፋት ባብራራው በጄኔቲክስ ተመራማሪው ሱሱሙ ኦኖ ስም ኦኖሎግ ይባላሉ።

ክፍፍሉ አስፈላጊ የሆነው ሁለቱ ዓይነት ብዜቶች መረቡን በተለያየ መንገድ ስለሚቀርጹት ነው። ብዙ ፕሮቲኖች በተመጣጠነ መጠን ተገጣጥመው የሚሠሩት አካል ሲኖር፣ የአንዱ ክፍል ጂን ለብቻው ቢባዛ ሚዛኑ ይፋለሳል፤ በሰው ላይ የ21ኛው ክሮሞሶም ተጨማሪ ቅጂ ዳውን ሲንድረምን ማስከተሉ የጂን መጠን ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። ጂኖሙ በሙሉ ሲባዛ ግን የሁሉም መጠን አብሮ ስለሚያድግ ሚዛኑ ይጠበቃል፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላ አንዱን ቅጂ ማጣት ነው ጎጂ የሚሆነው። በዚህ ምክንያት የራይቦሶም (የህዋሱ ፕሮቲን ማምረቻ) ፕሮቲኖች፣ ካይኔዞች (በሌሎች ሞለኪውሎች ላይ ፎስፌት የሚጨምሩ ኢንዛይሞች) እና የጂን ንባብን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች ከሙሉ ብዜት በኋላ በጥንድ የመቆየት ዝንባሌ አላቸው። ሁለቱን ዓይነት ጥንዶች ቀላቅሎ አማካይ የሚያወጣ ሰው ተቃራኒ አዝማሚያዎችን እርስ በርስ ያጣፋል።

የጥንዶቹን ዕድሜ የፕሮቲኑን አሚኖ አሲድ ከማይለውጡ የዲኤንኤ ለውጦች ብዛት መገመት ይቻላል፤ ሆኖም እነዚህ ለውጦች በረጅም ጊዜ ውስጥ ስለሚደራረቡ ለጥንታዊ ብዜቶች አስተማማኝ አይደሉም። በተጨማሪም አንዱ ቅጂ የሌላውን የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ገልብጦ ሊወስድ ስለሚችል፣ የእርሾ የራይቦሶም ጂኖች ከእውነተኛ ዕድሜያቸው ወጣት መስለው ይታያሉ።

ለመረቡ ራሱ በሙከራ የተገኙ ትስስሮችን የሚያሰባስበውን ባዮግሪድን የመሰለ የመረጃ ቋት ተጠቀሙ፤ አካላዊ ንክኪንና የጂኖችን የውጤት መስተጋብር (ሁለት ጂኖች አብረው ሲለወጡ ከሚታየው ያልተጠበቀ ውጤት የሚታወቀውን) ግን ለየብቻ አስቀምጡ። ስትሪንግ የተባለው ሌላ የመረጃ ቋት ከፕሮቲኖች ቅደም ተከተል ተመሳሳይነት የተገመቱ ትስስሮችንም ስለሚያካትት፣ ሳያጣሩ መጠቀም የተባዙ ጂኖች ተመሳሳይ ጎረቤት አላቸው የሚለውን ውጤት አስቀድሞ በመረጃው ውስጥ መክተት ይሆናል።

አሁን የጥንዱን የጋራ ጎረቤቶች፣ ማለትም ሁለቱም የሚተሳሰሯቸውን ፕሮቲኖች፣ ቁጠሩ። ሁለቱም ያላቸው ትስስር ምናልባት የተወረሰ ነው፤ አንዱ ብቻ ያለው ትስስር ግን በሌላው ዘንድ ጠፍቶም፣ በዚህኛው ዘንድ አዲስ ተፈጥሮም ሊሆን ይችላል። ይህን ጥንዱን ብቻ በማየት መፍታት አይቻልም፤ ጂኑ ሳይባዛ የቀረበትን ዝርያ መመልከት ግድ ነው። ጋል-1 እና ጋል-3 የተባሉት የተባዙ ጂኖች ጥሩ ማሳያ ናቸው። በዳቦ እርሾ ጋል-1 ጋላክቶስን የሚያስኬድ ኢንዛይም ሲሆን፣ ጋል-3 የኢንዛይም ችሎታውን አጥቶ ጋላክቶስ መኖሩን የጋላክቶስ ጂኖችን በሚያግደው ጋል-80 በተባለ ፕሮቲን በኩል ለመረቡ ያሳውቃል። ባልተባዛው ክሉይቬሮማይሲስ ላክቲስ ውስጥ አንዱ ጂን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ያለዚህ ዘመድ ጋል-3 አዲስ ሥራ ፈጠረ ብሎ መደምደም ቀላል ነበር፤ በእርግጥ የተከናወነው ግን ነባር ሥራ መከፋፈሉ ነው። የክፍፍሉ አንዱ ክፍል በጂኖቹ የመቆጣጠሪያ ቦታ (ጂኑ መቼና ምን ያህል እንደሚነበብ በሚወስነው የዲኤንኤ ክፍል) ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ የፕሮቲን ንክኪን ብቻ የሚቆጥር ሰው ያመልጠዋል።

ከራሱ ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን ሲባዛ ደግሞ ሁለቱ ቅጂዎች ወዲያውኑ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። የሄሞግሎቢን አልፋና ቤታ ክፍሎች ከአንድ ቅድመ አያት ጂን መጥተው ዛሬ በአንድ አካል ውስጥ ተጣምረው የሚገኙት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ስለዚህ በጥንዶች መካከል ያለ ትስስርን ከሌሎቹ ለይታችሁ ቁጠሩ።

በመጨረሻ የተገኘውን ቁጥር ከሁለት ነገሮች ጋር አወዳድሩ። አንደኛው ተመሳሳይ የትስስር ብዛት ያላቸው በዕጣ የተመረጡ ጥንዶች ናቸው፤ ብዙ የተጠኑ ፕሮቲኖች በመረጃ ቋት ውስጥ ብዙ ትስስር ስለሚኖራቸው ይህ ካልተደረገ የምርምር ትኩረት የዝግመተ ለውጥ ውጤት መስሎ ይታያል። ሁለተኛው በኮምፒውተር የሚሠራ ቀላል ሞዴል ነው፦ አንድ አንጓ (በመረቡ ላይ አንድን ፕሮቲን የሚወክል ነጥብ) በዕጣ ይባዛል፣ ከተወረሱት ትስስሮችም የተወሰኑት በዕጣ ይጠፋሉ። ብዙ ጎረቤት ያለው ፕሮቲን ከጎረቤቶቹ አንዱ የመባዛት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ትስስሩ ያለ ምንም የተፈጥሮ ምርጫ እያደገ ይሄዳል። ሞዴሉ የእናንተን መረብ ቅርጽ በበቂ ሁኔታ ከደገመ፣ ቅርጹ ለጥቅሙ ተመርጦ መጣ የሚል ክርክር መነሻ ያጣል። ሞዴሉ ሊያስረዳቸው ያልቻሉትን ጥንዶች ግን ወደ ቤተ ሙከራ ውሰዷቸው፦ ሁለቱንም ጂኖች አጥፍቶ በቦታቸው ያልተባዛውን የዘመድ ዝርያ ጂን በመተካት፣ አንዱ ጂን የሁለቱን ሥራ ምን ያህል እንደሚሸፍን መለካት ይቻላል።